ሐዲድ ሳይነጠፍ ስለሚወጣው ገንዘብ፦ ለወጣቶች

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ካናዳ ያሉ ወንድሞቻችሁና እህቶቻችሁ የሚልኩላችሁን ወሬ እኔም እሰማለሁ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 የካናዳ መንግሥት ከቶሮንቶ እስከ ኩቤክ ሲቲ ፈጣን ባቡር ሊሠራ ነው ተባለ። መስመሩ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፍጥነቱ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ለዲዛይንና ለዝግጅቱ ብቻ፣ በ6 ዓመት ውስጥ የሚወጣ 3.9 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ተመደበለት። በዚህ ገንዘብ አንድ ሜትር ሐዲድ አይነጠፍም። እዚያ ያለው ሰው ተናደደ። እናንተም እዚህ ጣና ዳር ተቀምጣችሁ አብራችሁ ተናደዳችሁ። «ወረቀት ላይ ቢሊዮን ያፈሳሉ» አለኝ አንድ የፖሊ ቴክኒክ ተማሪ። «በዚህ ብር ስንት ትምህርት ቤት ይሠራ ነበር!» አለች አጠገቡ የነበረችው ልጅ።

ንዴታችሁ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ካናዳን ስታወሩ የምታስቡት የራሳችንን ነው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን በወጣው የባቡር ካርታ ላይ ባሕር ዳር ነበረች። ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በባሕር ዳርና በወረታ አድርጎ ወልዲያ የሚደርስ መስመር ተሥሎ ነበር። ከወረታ ደግሞ በአዘዞ በኩል መተማ የሚገባ ሌላ መስመር ነበር። ብዙዎቻችሁ ያኔ ሕፃናት ነበራችሁ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲው ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያው በ2007 ዓ.ም. ግንባታው ተጀመረ። የእኛው ካርታ ላይ ቀረ። ዛሬ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በመኪና መሄድ ራሱ ያስጨንቃል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ባቡር ጥናት ወጪ መስማት ቢያንገበግባችሁ አልፈርድባችሁም።

እኔ ግን ዕድሜዬን በቅየሳና በመንገድ ዲዛይን የገፋሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ንዴታችሁን አትተዉት፤ ትክክለኛው ቦታ ላይ አውሉት። ለጥናት ገንዘብ መውጣቱ እኔን አያናድደኝም። የሚያናድደኝ የተጠናው ሲጠፋ፣ ያው ጥናት እንደገና ሲከፈልበት፣ ወይም ማንም ሳይወስንበት መደርደሪያ ላይ ሲያረጅ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ገንዘቡ የት እንደሚገባ እንይ። ጎሐ ጽዮን ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ተመልከቱ። እዚያ ካለው አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት 1,400 ሜትር ገደማ ነው። መኪና በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ እየተጠማዘዘ ይወርደዋል። ባቡር እንዲህ አይችልም። የዕቃ ባቡር በደህናው ጊዜ የሚወጣው ዳገት በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። አስሉት። 1,400 ሜትር ለመውረድ 56 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይፈልጋል። ከዚያ በደጀን በኩል እንደገና መውጣት አለ።

ፈጣኑ ባቡር ቀላልና ጉልበታም ስለሆነ ከዚህ የከበደ ዳገት ይወጣል። ጀርመን ውስጥ ከኮሎኝ ፍራንክፈርት ያለው መስመር በየ100 ሜትሩ 4 ሜትር የሚወጣበት ቦታ አለው። መታጠፍ ላይ ግን ያስቸግራል። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ባቡር የመታጠፊያው ራዲየስ አብዛኛውን ጊዜ 4,000 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ገደሉን እየተጠማዘዙ መውረድ አይታሰብም። ወይ ዋሻ ነው፣ ወይ ረጅም ድልድይ። ዋሻው የትኛው አለት ውስጥ ይግባ? ድልድዩ የሚቆምበት ቋጥኝ ይንሸራተታል ወይስ አይንሸራተትም? ይህን ከሳተላይት ፎቶ አታገኙትም። ወርዶ መቆፈር ነው።

አሁን ወደ ደጃችን ቅረቡ። የፎገራ ሜዳ ለጥ ያለ ነው። ያየው ሁሉ «ይሄማ ለሐዲድ የተፈጠረ ነው» ይላል። በበጋ ሂዱና መረሬውን እዩት። ስንጥቁ ክንድ ያስገባል። ክረምት ሲገባ ያው አፈር ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የሩዝ ማሳው ላይ ይተኛሉ። አስፋልት በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ሲያብጥና ሲሰምጥ ሾፌሩ ፍጥነት ቀንሶ ያልፋል። ፈጣን ባቡር ግን የጥቂት ሚሊ ሜትር መስመጥ እንኳ ያሳስበዋል። ስለዚህ በየተወሰነው ርቀት ጉድጓድ ይቆፈራል። አፈሩ ላቦራቶሪ ይገባል። ጎርፉ በየዓመቱ የደረሰበት ከፍታ ከመዝገብ ይታያል። ይህ ሁሉ ብር ነው። ከግንባታው ወጪ ጋር ሲተያይ ግን ትንሽ ብር ነው።

ይህን ትንሽ ብር የሰሰተ ኋላ ላይ በእጥፍ ይከፍላል። ከመሬት በታች ያለ ነገር ምን ያህል ሊያስደነግጥ እንደሚችል ግልገል ጊቤ 2 አሳይቶናል። 26 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የውሃ ዋሻ ነው። በቁፋሮው መሃል ማሽኑ ያልተጠበቀ ጭቃና የላላ አለት ገጠመው፤ ሥራው ለረጅም ጊዜ ተጓተተ። በጥር 2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ።

ካሊፎርኒያም አለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ሕዝቡ ለፈጣን ባቡር ድምፅ ሲሰጥ ወጪው 33 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ ባቡሩም በ2020 የሚሄድ ተብሎ ነበር። ዛሬ ግምቱ ከ100 ቢሊዮን አልፏል፤ ባቡሩም ገና ነው። የግዛቷ ኦዲተር በ2018 ባወጣው ሪፖርት አንዱን ምክንያት በግልጽ አስቀምጦታል፤ ዕቅዱ ሳያልቅ፣ መሬቱም ተገዝቶ ሳይጠናቀቅ ግንባታ ተጀመረ። ፖለቲከኛ ዶዘር ሲንቀሳቀስ ማሳየት ይወዳል። ሕዝብም ዶዘር ሲያይ ደስ ይለዋል። እባካችሁ እናንተ ይህን ደስታ በጥርጣሬ እዩት።

ጃፓንን ሁሉም ያደንቃል። ከቶኪዮ ኦሳካ ያለው ሺንካንሰን እ.ኤ.አ. በ1959 ተጀምሮ በ1964 ሥራ ጀመረ፤ አምስት ዓመት ተኩል ብቻ ፈጀ ይባላል። ከዚያ በፊት የነበረውን የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው። ጃፓኖች ታንና በሚባለው ተራራ ውስጥ የመጀመሪያውን የባቡር ዋሻ የጀመሩት በ1918 ነበር። ውሃና የተሰባበረ አለት ገጥሟቸው 16 ዓመት ፈጀባቸው፤ 67 ሠራተኞች ሞቱ። ያንን ተራራ በዚያ ዋጋ አወቁት። በ1941 ለፈጣን ባቡር ብለው ከአሮጌው ጎን ሌላ ዋሻ ጀመሩ። ጦርነቱ በ1943 አስቆመው። ዕቅዱ የሞተ መስሎ ነበር። ግን የተገዛው መሬት አልተበተነም፤ ወረቀቱም አልጠፋም። በ1959 ሥራው ሲጀመር ያንኑ ዋሻ ካቆሙበት ቀጠሉት።

ደግሞ ለምን ሩቅ እሄዳለሁ? ዓባይ ደጃችን አይደል። የአሜሪካ መንግሥት መሐንዲሶች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው የዓባይን ተፋሰስ ለዓመታት ሲለኩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1964 ብዙ ጥራዝ ሪፖርት አስረክበዋል። ጣናም፣ ገባሮቹም በዚያ ጥናት ውስጥ አሉ። ለግድብ ይሆናሉ ብለው ከለዩአቸው ቦታዎች አንዱ ሱዳን ድንበር አካባቢ ነበር። ለ47 ዓመት አንድ ድንጋይ አልተነሳበትም። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ መሠረት የተጣለው እዚያው አካባቢ ነው፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ዲዛይኑ አዲስ ነው፤ መጠኑም ያኔ ከታሰበው እጅግ ይበልጣል። ቦታው ግን ቀድሞ ታውቆ ነበር። ያ ጥናት ተጥሎ፣ ምስጥ በልቶት ቢሆን ኖሮ ከዜሮ ነበር የምንጀምረው።

አሁን የሚያናድደውን ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት ለአንድ ሥራ የድሮ የቁፋሮ ናሙና ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት መጋዘን ገባሁ። ናሙናውን ኮር እንለዋለን። መሰርሰሪያው ከመሬት ውስጥ የሚያወጣው እንደ ዱላ ክብ የሆነ አለት ነው። በእንጨት ሳጥን በተርታ ይደረደራል። ሳጥኑ ላይ የጉድጓዱ ቁጥር፣ ከስንት እስከ ስንት ሜትር እንደወጣና ቀኑ ይጻፋል። ያ ጽሑፍ ከሌለ አለቱ ዋጋ የለውም። የመጋዘኑ ጣሪያ ያፈስ ነበር። ጽሑፉ ታጥቦ ሄዷል። የብዙው ሳጥን እንጨት ለሻይ ማፍያ ተማግዷል። አለቱ ጥግ ላይ ተከምሯል፤ የትኛው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ጥበቃውን ብጠይቀው «ጋሼ፣ ድንጋይ ነው ብለውን ነው» አለኝ። እሱ ምን ያድርግ? የነገረው የለም። እንደገና ተቆፈረ። እንደገና ተከፈለ። በዜና የሰማው የለም፤ በፌስቡክም የተናደደ አልነበረም።

ንዴታችሁን የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

አውስትራሊያውያን ስለ ፈጣን ባቡር ሲያጠኑ 40 ዓመት አለፋቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከሜልበርን ብሪዝበን 1,748 ኪሎ ሜትር መስመር 114 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንደሚፈጅ ያሰላ ጥናት ወጣ። በ2023 ለዚሁ ጉዳይ አዲስ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። እስካሁን የሚሄድ ፈጣን ባቡር የለም። የዚያ አገር ሰው ቢማረር እውነቱን ነው። አጥኚዎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል። «አዎ፣ እንሠራለን» ወይም «አይ፣ አንሠራም» ብሎ የሚቆርጥ ነው የጠፋው። ስለዚህ የጥናት በጀት ስትሰሙ ይህን ጠይቁ፦ ጥናቱ ሲያልቅ ማን ነው የሚወስነው? እስከ መቼ? «አይሠራም» የሚል ጥናት ቢመጣስ ትቀበሉታላችሁ? እንዲህ ያለ ጥናት ገንዘብ አባከነ ሲባል ስሰማ ያመኛል። ብዙ ቢሊዮን ያዳነ ጥናት ነው።

በበጀት ወረቀት ላይ የማይጻፍ ወጪም አለ። ቀያሽ ይመጣል፣ ማሳ መሃል ችካል ይተክላል፣ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ባለ መሬቱ ቤቱን ያድስ? ባሕር ዛፍ ይትከል? ልጁን ሲድር ከመሬቱ ይቁረስለት? ማንም አይነግረውም። «ጌታዬ፣ መቼ ነው?» ብለው የጠየቁኝ ገበሬዎች ብዙ ናቸው። ቀኑን የሚያውቅ አለቃ ግን አንድም አላጋጠመኝም። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ከበርሚንግሃም ወደ ማንቸስተር ሊሄድ የነበረው የፈጣን ባቡር መስመር ሲሰረዝ፣ በመስመሩ ላይ ቤትና እርሻቸውን የሸጡ ሰዎች ነበሩ። የኛ ገበሬ ደግሞ ሳይሸጥም ሳይሠራም ዓመታት ይጠብቃል። ችካል ተከላን የሚፈቅድ ደብዳቤ ችካሉ የሚነሳበትንም ቀን መያዝ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከእናንተ መሃል ነገ በእንዲህ ያለ ጥናት የምትቀጠሩ አላችሁ። ግቡበት፤ ጥሩ ሥራ ነው። አንድ ነገር ብቻ ከወዲሁ እወቁ። በጥናት ውስጥ በቀላሉ የምትጠመዘዘው ቁጥር የመንገደኛ ግምት ናት። አለቱን ማንም ሊያለሰልሰው አይችልም። መንገደኛውን ግን ኤክሴል ላይ በአንድ ሰከንድ እጥፍ ማድረግ ይቻላል። አለቃ መጥቶ «ይቺን ትንሽ ከፍ አድርጊያት፣ ከላይ ይጠብቃሉ» ይላል። አታድርጉት። ግምቱ ከየት እንደመጣ፣ ትኬቱ ስንት ብር ተብሎ እንደታሰበ፣ ማን ቆጥሮ እንደሰጣችሁ ጻፉ። ቀን ጻፉበት፤ ፈርሙበት። በኋላ ሌላ ሰው ቢቀይረው የማን እንደሆነ ይታወቃል።

መሐንዲስ ያልሆናችሁም የምትሠሩት አለ። የሕዝብ ውይይት ሲጠራ ሂዱ፤ ለአበል ከመጣው ሰው ፊት ተቀመጡ። የቁፋሮው መዝገብ የት እንደሚቀመጥ፣ ዩኒቨርሲቲው ቅጂ ያገኝ እንደሆነ፣ ችካሉ መቼ እንደሚነሳ ጠይቁ። በቃል ካልመለሱላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የመረጃ ነፃነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በሌላው ላይ ማኅተም አስመቱ፣ የገቢ ቁጥሩን ሳትቀበሉ አትውጡ።