ቁልፉ የተፈጠረው ማን ጋ ነው?

«የዲጂታል ፊርማ ቁልፍ የሚሰጠን ተቋም ራሱ በስሜ ቢፈርም በምን አስረዳለሁ?» ብለሃል። መጀመሪያ አንድ ነገር አጣራ፦ የግል ቁልፍህ፣ ማለትም የምትፈርምበት ሚስጥራዊ ቁጥር፣ የተፈጠረው ማን ጋ ነው?

የሰነድ መፈረሚያ ሲስተም በምንሠራበት ቦታ አንድ ባልደረባችን «ይሄን እኔ አልፈረምኩም» ብሎ ድርቅ አለ። ፊርማውን ፈተሽነው፤ እንከን የለውም። ግን ቁልፎቹ ሁሉ የሚፈጠሩት ሰርቨሩ ላይ ነበር። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሰውም ያንኑ ፊርማ ማውጣት ይችላል። ሁለት ቀን ሙሉ ሎግ (የሰርቨሩን የሥራ መዝገብ) ስናገላብጥ ከረምን። ሎጉን የሚጽፈውም ያው ሰርቨር መሆኑ ትዝ ሲለን ተውነው።

የክሪፕቶግራፊ ተመራማሪው አዲ ሻሚር በ1984 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው፣ በማንነት ላይ የተመሠረተው ፊርማም ይሄው ጣጣ አለበት። ኢሜይልህ ራሱ ይፋዊ ቁልፍህ፣ ማለትም ሌሎች ፊርማህን የሚያረጋግጡበት፣ ይሆናል፤ የግል ቁልፍህን ግን ሰጪው ከማስተር ቁልፉ (የሁሉም ሰው ቁልፍ ከሚወጣበት ዋና ሚስጥር) አስልቶ ነው የሚሰጥህ። ማስተር ቁልፉን ለብዙ ተቋማት ማከፋፈል ይረዳል፤ ከተመሳጠሩ ግን ዞሮ ዞሮ ያው ነው።

ቁልፉ አንተ ጋ ከተፈጠረ ነገሩ ይገለበጣል። ሰጪው የሚያየው ይፋዊ ቁልፍህን ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ሰርተፍኬት፣ «ይህ ቁልፍ የእገሌ ነው» የሚል የተፈረመ ማረጋገጫ፣ ይሰጥሃል። ሊያጭበረብር ከፈለገ ሌላ ቁልፍ ፈጥሮ በስምህ ሁለተኛ ሰርተፍኬት ማውጣት አለበት፤ እዚያ ላይ ደግሞ የራሱ ፊርማ አለ። በገዛ እጁ ማስረጃ ሰጠህ ማለት ነው። «ራሱ ጠይቆኝ ነው» እንዳይልህ፣ አዲስ ቁልፍ የሚመዘገበው በአሮጌው ቁልፍ በተፈረመ ጥያቄ ይሁን። ይህን ደንብ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ማስረጃው ካልታየ ግን ዋጋ የለውም። የሆላንዱ ሰርተፍኬት ሰጪ ድርጅት ዲጂኖታር በ2011 (እ.ኤ.አ.) ተሰብሮ በጉግል ስም ሳይቀር የሐሰት ሰርተፍኬት ወጣበት። ድርጅቱ ሰብሮ የገባ እንዳለ በሐምሌ ወር አውቆ ዝም አለ። ጉዱ የወጣው አንድ የኢራን ተጠቃሚ ክሮም ማስጠንቀቂያ አሳይቶት ሲጠይቅ ነው። ብራውዘሮች ከዝርዝራቸው ሰረዙት፤ በመስከረም ከሰረ። ዛሬ የድረ ገጽ ሰርተፍኬቶች ማንም በሚያያቸው፣ መጨመር እንጂ መሰረዝ በማይቻልባቸው መዝገቦች ላይ ይሰፍራሉ። ክሮም ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያልሰፈረውን አይቀበልም። ለሰነድ ፊርማ ግን ይህ ግዴታ የለም፤ ሰጪህን ተመሳሳይ መዝገብ እንዳለው ጠይቀው።

እኛ ቁልፍ መፍጠሩን ወደ ተጠቃሚው ቶክን (ቁልፉን የሚይዝ ትንሽ መሣሪያ) አዛወርነው። የዚያ ባልደረባችን ክርክር ግን ሳይቋጭ ቀረ። አሁንም ማን እንደፈረመ ማናችንም አናውቅም።