ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው አይሄድም

ከሐዋሳ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከአርባ ምንጭ ያገለገለ የፋይበር ጀልባ ባለ40 ፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ ሞተር ያለው ገዛሁ። እዚያ ስንሞክረው ደህና ነበር፤ ስንመለስ ዳር ላይ ድንጋይ ነክቶ ጠፋ እንጂ። በአይሱዙ ጭኜ አመጣሁት። እዚህ ግን ቀስ ስል ይሄዳል፣ ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው አይንቀሳቀስም። መካኒክ ከፍታው ነው ብሎ ካርቡራቶሩን በሽቦ ጠረገው፤ ለውጥ የለም። ሞተሩን ልቀይር? አሞራ ገደል፣ የዓሣ ገበያው ዳር፣ ስጠጋም ሁሌ የጀልባው ኋላ ይጋጫል።»

ወንድሜ፣ ሞተሩን አትቀይር። «ድንጋይ ነክቶ ጠፋ» የምትለው ላይ ስደርስ ነገሩ ገባኝ፤ ቀሪውን ያነበብኩት ለወጉ ነው። የፕሮፔለሩ ጎማ ተላቋል፤ ውኃውን የሚገፋውን ፕሮፔለር መሐል ላይ ካለው የብረት ቀለበት ጋር አጣብቆ የሚይዘው ጎማ ማለቴ ነው።

ከፍታው እውነት ነው፤ ሐዋሳ ሐይቅ ከአርባ ምንጮቹ ከአባያም ከጫሞም ከ400 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በየ300 ሜትሩ ሞተር 3 በመቶ ያህል አቅም ያጣል። ግን አቅም ያጣ ሞተር ያቃስታል፣ አይጮኽም። ያንተ የሚጮኸው ሸክሙን ስለጣለ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ያለቀ መኪና ዳገት ላይ እንደሚሆነው። የካርቡራቶር ቀዳዳ ደግሞ በሽቦ አይጠረግም! ከሰፋ ቤንዚን ይበላል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። እሱን ለብቻው ታስተካክለዋለህ።

መጀመሪያ የካንዴላዎቹን ገመድ ንቀል። ፕሮፔለሩ እንዳይዞር እንጨት ወትፍ፣ ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን ቀጭን ሽቦ (ኮፒሊያውን) አውጣ፣ ዳዶውን ፍታ። በኮፒሊያ ፈንታ የታጠፈ ምስማር ብታገኝ አይግረምህ፤ ያገለገለ ሞተር ስፈታ የማገኘው እሱን ነው። ከመሐለኛው የብረት ቀለበት በጎማው ላይ አሳልፈህ እስከ ውጭው አካል ድረስ በጥፍር ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምር። ግራሶ ቀብተህ መልሰህ እሰር፣ ውኃ ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉ ነዳጅ ስጠውና ተመልሰህ እይ። መስመሩ ለሁለት ከተለያየ ጎማው ሄዷል። እንዳለ ከሆነ ሞተሩ እዚህ ሲታሰር ከፍ ብሎ እንደሆነ ተመልከት፤ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ማለት አለበት። እሱ ከሆነ ግን ጩኸቱ በመታጠፊያና በማዕበል ላይ ይብሳል።

ለሙከራው ስትወጣ ቀዩን የማጥፊያ ገመድ፣ ከወደቅህ ተነቅሎ ሞተሩን የሚያጠፋውን፣ እጅህ ላይ እሰር።

ጎማውን በፕሬስ የሚያስገባ ሰው ካገኘህ አስቀይር፤ ካላገኘህ ጥርሱና መጠኑ ከአሮጌው ጋር አንድ የሆነ ፕሮፔለር ግዛ። ርካሹን ተወው፤ ጎማው በሙጫ የተያዘ ይመስል ከወር አያልፍም። «በዬዳ ላያይዝልህ» የሚልህን ደግሞ አትስማ። ጎማው የተሠራው ድንጋይ ሲመታ እሱ ተላቆ ማርሹን እንዲያድን ነው። ከተበየደ ቀጣዩ ድንጋይ የሚሰብረው ማርሹን ነው።

ወደ መጋጨቱ። መኪና የለመደ ሰው ሁሉ እዚህ ይሳሳታል። መኪና በፊት ጎማው ይታጠፋል፣ ኋላው ይከተላል። ጀልባ ግን የሚገፋው ከኋላ ነው፤ አፍንጫው ወደ ቀኝ እንዲሄድ ኋላው ወደ ግራ መወርወር አለበት። የሚዞርበት ነጥብ ከአፍንጫው ትንሽ ወደ ኋላ ስለሆነ፣ አፍንጫው አንድ ክንድ ሲዞር ኋላው ሁለት ክንድ ይጠርጋል። ዳሩ በግራህ ሆኖ ወደ ቀኝ ብትሸሽ ኋላህ በቀጥታ ድንጋዩ ላይ ነው፤ ያንተም ችግር ይሄው ነው። ማርሹ ነፃ ላይ ሲሆን ደግሞ መሪ የለህም ማለት ይቻላል፤ የሚያጥፍህ የፕሮፔለሩ ግፊት እንጂ ሞተሩን የምትመራበት እጀታ አይደለም። ስለዚህ ስትጠጋ ትንሽ ሰያፍ ሆነህ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘህ፣ ማርሹን እያስገባህ እያወጣህ ቅረብ። ልትነካ ስትል እጀታውን ከዳሩ አርቀህ ግፋና ለአፍታ ኋላ ማርሽ ስጠው፤ ኋላውን ራሱ ስቦ ያስጠጋልሃል። ስትወጣም እጀታውን ወደ ዳሩ አድርገህ በኋላ ማርሽ ውጣ፤ አፍንጫህን የምታዞረው ከራቅህ በኋላ ነው።

ይህን ድንጋይ ላይ አትማር። ጀሪካን በገመድ ከድንጋይ ጋር አስረህ ሐይቁ መሐል ላይ ተክለህ፣ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ሃያ ጊዜ ተጠጋው። የማጥፊያ ገመዱ እጅህ ላይ ይሁን፤ ሻጩ በሲባጎ አስሮ ሰጥቶህ ከሆነ አዲስ ግዛ። ሰው ወድቆ እጀታው ከተለቀቀ ጀልባው ክብ ሠርቶ የወደቀው ሰው ላይ ይመለሳል፣ ፕሮፔለሩም እየዞረ ነው። መስመሩ ካልተለያየ፣ ሞተሩም ከፍ ብሎ ካልታሰረ ጻፍልኝ፤ ያኔ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።