እንጀራ የሚይዝ ምጣድ፣ የሚሸት ቅል

ጥያቄ፦ ከእናቴ የወረስኩት የሸክላ ምጣድ ለዓመታት ተቀምጦ ነበር። አሁን ስጋግርበት እንጀራው ይይዛል፣ ዓይኑም አይወጣም። ልጣለው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አይጣሉት፤ አስቀድመው ግን ጠርዙን ከፍ አድርገው በጣት አንጓ መታ ያድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። የታፈነ ከሆነ ተሰንጥቋል፤ ለቆሎ መቁያ ይተውት።

እንጀራ የሚይዘው ሸክላው የጠጣው ቅባት ሲያልቅ ወይም ምጣዱ በሳሙና ሲታጠብ ነው። ስለዚህ እንደ አዲስ ይሟሻል። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ያድርቁት፤ ከዚያ በለዘበ እሳት ግማሽ ሰዓት ያህል ያሙቁት። ብዙ ምጣድ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው፤ ሸክላው ውስጥ የቀረው እርጥበት ባንዴ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ይሰነጥቀዋል። ሲግል አንድ እፍኝ የተወቀጠ ጎመንዘር በትነው፣ ጠርዙን ሳይረሱ፣ በወፍራም የጥጥ ጨርቅ ያሹት። ዘሩ ሲጠቁር ጠርገው ይጣሉና በአዲስ ይድገሙ፤ ፊቱ ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። የፈሳሽ ዘይት አንመክርም፤ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ እንጎቻ ጋግረው ይሞክሩ፤ ወደፊትም ሊጥ ከማፍሰስዎ በፊት ሁልጊዜ ያስሱት (በጥቂት ጎመንዘር ያሹት)።

የዓይኑ ነገር ግን የምጣዱ ጥፋት ላይሆን ይችላል። እሳቱ ካነሰ ወይም ሊጡ ከወፈረ የተሟሸ ምጣድም ዓይን አያወጣም።

ጥያቄ፦ የወተት መናጫ ቅላችን ቢታጠብም ይሸታል። (ከዳንግላ)

መልስ፦ ግድግዳው ላይ የቀረ ቅቤ ነው የሚሸተው። አንድ ጭብጥ የግራዋ ቅጠል ከሙቅ ውሃና ከጥቂት ንጹሕ ጠጠር ጋር ከትተው ይነቅንቁ፤ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ይደጋግሙ። ዘቅዝቀው ሙሉ በሙሉ ያድርቁት፤ እርጥቡን ቢያጥኑት ይሻግታል። ከዚያ ጫፉ ፍም የሆነ (የማይነድ) የወይራ እንጨት አስገብተው ጭሱን ጥቂት ደቂቃ ያፍኑበት፤ አመዱን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ።

አዲስ ቅል ሲገዙ ደግሞ ውሃ አሳድረው ውሃውን በምላስዎ ጫፍ ቀምሰው ይትፉት። ውሃው በየቀኑ ተለውጦም ምሬቱ ካልለቀቀ ወተት አይግባበት፤ ምሬቱ ሆድ ያማል። ዘር ማስቀመጫ ይሁን።

ጥያቄ፦ የአያቴ የድንጋይ ወፍጮ እህሉን ያንሸራትታል እንጂ አይፈጭም። (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ድንጋዩ ልሷል (ለስልሷል)፤ ያስወቅሩት፣ ማለትም ፊቱን አስመትተው ያሻክሩት። ወፍጮውም መጁም (በእጅ የሚያዘው የላይኛው ድንጋይ) ይወቀሩ። ከዚያ የማይበላ እህል አንድ ሁለት ጊዜ ፈጭተው ይድፉት፤ አለበለዚያ የድንጋዩ ደቃቅ ዱቄቱ ውስጥ ገብቶ ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል።