ቡሎን ወይስ ብየዳ? ስለ ኋላ ባምፐር ለጠየቃችሁን

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። መኪናዬ ሻንሲ (ቦዲው የሚቀመጥበት የብረት አጽም) ያለው ፎር ዊል ነው። የፋብሪካው የኋላ ባምፐር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ተሰባበረ። አሁን በ6 ሚሊሜትር ላሜራ አዲስ እያሠራሁ ነው፤ ትርፍ ጎማውንም ከበሩ አውርጄ እሱ ላይ ልሰቅለው አስቤያለሁ። በያጁ ግን «ቡሎን ይላላብሃል፣ ከሻንሲው ጋር በይጄልህ ተገላገል» ይለኛል። ልስማው?

መልስ፦ አትስማው ወንድሜ። ባምፐሩን አሳምሮ ይበይድልህ። ሻንሲው ላይ ግን እሳት እንዳያስነካ።

ሻንሲ መጥፎ መንገድ ላይ ትንሽ ይጣመማል፣ መልሶ ይቃናል። የተሠራውም እንደዚያ እንዲሆን ነው። ብየዳ ሲያርፍበት ከብየዳው ጎን ያለው ብረት በሙቀቱ ጠባዩ ይለወጣል። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። የነዳጅ ሰልባትዮውና የፍሬን ቱቦውም ከዚያ ሩቅ አይደሉም። ደግሞ ባምፐር እኮ እንዲመታ የተቀመጠ ዕቃ ነው፤ ሲጣመም በቁልፍ ፈትተህ ታቃናዋለህ፣ የተበየደ ከሆነ ግን ባምፐሩን ለማውጣት ሻንሲህንም አብረህ በግራይንደር ልትቆርጥ ነው።

ቡሎን የሚላላው አስተሳሰሩ ሲበላሽ ነው። በየጎኑ ቢያንስ አራት ቡሎን ይኑርህ፣ 12 ሚሊሜትር፣ ራሱ ላይ የጥንካሬ ደረጃው 8.8 ወይም 10.9 ተብሎ የተጻፈበት። አንድ ላይ አይታጨቁ፣ ተራርቀው ይቀመጡ። ከተቻለ ገሚሶቹ በሻንሲው ጎን፣ ገሚሶቹ ከሥር ይግቡ። ያኔ ባምፐሩ ከታች ሲገፋ ብረቱ የሚሽከረከርበት ቦታ ያጣል። ባለ 8.8ቱን ወደ 80 ኒውተን ሜትር ድረስ አጥብቀው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርህ፣ ብዙ ሰው የሚስተው እሱን ነው። የሻንሲው ጭራ ብዙ ጊዜ ውስጡ ባዶ የሆነ ሳጥን ነው። ቡሎን ከጎን ወደ ጎን አሳልፈህ ስታጠብቅ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። በራሴ መኪና ደርሶብኛል። በየሳምንቱ አጠብቃለሁ፣ በየሳምንቱ ይላላል። ቡሎኑን ቀየርኩ፣ ዳዶውን ቀየርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ ባምፐሩን አውርጄ ሳይ ከሮንዴላው ሥር ያለው ብረት እንደ ስኒ ማስቀመጫ ጎድጉዷል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከሳጥኑ የውስጥ ስፋት ጋር እኩል የተቆረጠ ወፍራም ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ ቡሎኑ በቱቦው ያልፋል። ከውጭ ደግሞ በተራ ሮንዴላ ፋንታ ወፍራም ላሜራ አድርግበት።

ስለ 6 ሚሊሜትሩ ደግሞ፦ አንድ ካሬ ሜትር 6 ሚሊሜትር ላሜራ 47 ኪሎ ይመዝናል፣ 4 ሚሊሜትሩ 31 ኪሎ። ለባምፐሩ ፊት 4 ይበቃል። ውፍረቱን ከሻንሲው ጋር ለሚያያዘው ክንድ አስቀምጠው፣ እዚያ 8 ብታደርግም አልቃወምህም። ክብደቱ ከኋላ ጎማ ወዲያ ስለሚንጠለጠል ጫናው ከኪሎው በላይ ነው። ባምፐርና ትርፍ ጎማ አንድ ላይ 100 ኪሎ ቢሆኑና ከኋላ አክስሉ 1 ሜትር ርቀው ቢቀመጡ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2.7 ሜትር ባለው መኪና ላይ የኋላው 137 ኪሎ ይጨመርበታል፣ የፊቱ 37 ኪሎ ይቀለዋል። መኪናው ጭራው ወርዶ አፍንጫው ይነሳል፣ መሪው ይቀላል፣ ማታ መብራትህ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። ስለዚህ የባሌስትራውን ወይም የሞላውን ወጪ አሁኑኑ አስብበት።

ሌላው፣ ቦዲው ሻንሲው ላይ የተቀመጠው በጎማ መደገፊያዎች ስለሆነ ይነቃነቃል፣ ሻንሲው ግን ለብቻው ነው የሚሄደው። በባምፐሩና በቦዲው መካከል 15 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ካልተውክ መጀመሪያ የሚላጠው ቀለምህ ነው። ትርፍ ጎማውን የሚይዘው ክንድ የሚዞርበትም ኩሽኔታ ይኑረው፣ ብረት በብረት ላይ ከዞረ ቶሎ ይበላል። በያጁ ለመለካት ባምፐሩን መኪናው ላይ እንዳለ ነጥብ ነጥብ የሚበይድ ከሆነ ደግሞ አስቀድመህ ባትሪውን ንቀል።

ጥያቄ፦ ተጎታች የሚታሰርበት ኳስ ባምፐሩ ላይ አለኝ። ጭቃ ውስጥ ስገባ በእሱ መጎተት እችላለሁ?

መልስ፦ በፍጹም! ኳሱ የተሠራው ተጎታችን በቀስታ ለመሳብ ነው። ጭቃ የያዘው መኪና በኃይል ሲነጠቅ አንገቱ ይቆረጥና በተወጠረው ገመድ እንደ ጥይት ይወረወራል። ሰው የሞተበት ነገር ነው። በባምፐሩ ላሜራ ውስጥ ዘልቆ በሁለቱም ፊት የተበየደ፣ ከሻንሲው ክንድ ጋር የተያያዘ ወፍራም የመጎተቻ ጆሮ አሠራ። ስትጎተትም ሰው ሁሉ ከገመዱ ይራቅ።

ጥያቄ፦ ባምፐሬ ከውጭ ቀለሙ ደህና ነው፣ ግን ከውስጥ የዛገ ውሃ ይንጠባጠባል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውስጡ አልተቀባም፣ ውሃውም መውጫ የለውም። ከሥር በየጥጉ ቀዳዳ ብሳ፣ ዝገቱን ፋቅ፣ ውስጡን ሁሉ አንቲረስት አስቀባ። ቡሎን የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ጠርዝ እንዳትረሳ። መልሰህ ካሰርክ በኋላ ከቡሎኑ ራስ ጀምረህ ላሜራው ድረስ በነጭ ቀለም ቀጭን መስመር ሳብ። ከመጀመሪያው 100 ኪሎሜትር በኋላ ከሥር ግባና እይ። መስመሩ ከተሰበረ ቡሎኑ ዞሯል ማለት ነው።