ፒክአፑ ዳገት አልወጣ ሲል ካታሊስቱ ነው? የሰሜን ሸዋ ነጂዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ካታሊስት (ካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ ጭስ መውጫው ላይ ተገጥሞ መርዛማውን ጭስ የሚያጣራው ዕቃ) የምትጠይቁኝን ዛሬ ማታ እመልሳለሁ። ብዙዎቻችሁ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ውስጥ ታውቁኛላችሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ላስይዛችሁ። ካታሊስት ዝም ብሎ አይሞትም፤ የሚገድለው ነገር አለ። ገዳዩን ሳታገኙ አዲስ ብትገዙ አዲሱም ይሞታል።

የጫጫው፦ ጋሼ፣ ሂሉክሴ 2.7 ቤንዚን ነው። የቼክ መብራት በርቶ በማሽን ሲታይ ፒ0420 የሚል የብልሽት ኮድ አለ። ካታሊስት ቀይር ተባልኩ። ልግዛ?

መልስ፦ ገና ነው፣ አትግዛ። ኮዱ የሚለው የካታሊስቱ ሥራ ቀንሷል ብቻ ነው። ለምን እንደቀነሰ አይነግርህም። ከካታሊስቱ ፊትና ኋላ የኦክሲጅን ሴንሰር አለ። በብዙዎቹ መኪኖች ሞተሩ ሲሞቅ የፊተኛው ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት እየዘለለ ይሠራል። የኋለኛው 0.6፣ 0.7 አካባቢ መርጋት አለበት። የኋለኛውም የፊተኛውን እየተከተለ ከዘለለ ካታሊስቱ ደክሟል።

ከዚያ በፊት ግን የሚያፈስ ቦታ ፈልግ። ጓርኒሲዮን (በቱቦዎቹ መጋጠሚያ መሐል የሚገባው ማሸጊያ) ተቃጥሎ ቀዳዳ ካለ ከውጭ አየር ይገባና ሴንሰሩ የተሳሳተ ንባብ ይሰጣል። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሳው። አንድ ሰው የጭስ ማውጫውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ይያዘው፣ አንተ ከታች ሆነህ አዳምጥ። መጋጠሚያው ላይ ጥላሸት አይተህ እዚያው ላይ ጭስ ሲተፋ ከሰማህ፣ ችግሩ የጓርኒሲዮን ዋጋ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የደብረ ብርሃኑ፦ የእኔም ቤንዚን ነው። ጉልበት አጣ። ተዘግቶ ይሆን?

መልስ፦ ይህን ሰው ሁሉ ስለሚጠይቀኝ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱንም በዚያው ልክ ያጣል። ሸዋ ሮቢት ግን 1,280 ሜትር አካባቢ ናት። ጣርማ በርን ተሻግረህ፣ ደብረ ሲናን አልፈህ ስትወርድ ጤነኛ መኪና ራሱ ይነቃል። እና ሸዋ ሮቢት ሜዳው ላይ ባዶውን ሞክረው። እዚያ ከተነቃቃ የከፍታ ነገር ነው። እዚያም እንደታፈነ ሰው እያቃሰተ ዙሩ አልወጣ ካለ፣ ያኔ የነዳጅ ፊልትሮውንም ጭስ መውጫውንም እንመርምር።

አሁን ስለ ቫኪዩም ጌጅ፣ የሞተሩን አየር የመሳብ ኃይል ስለሚለካው መሣሪያ። መጽሐፉ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ይላል። ያ ለባሕር ወለል ነው። በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ያህል ይቀንሳል። እኛ ጋ 10 ወይም 11 ጤነኛ ነው! ጀማሪ መካኒክ 10 አይቶ ካታሊስት ያስገዛሃል። ይልቅ መርፌውን እይ። ሞተሩን በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ያዝና ጠብቅ። መርፌው ቀስ እያለ መውረዱን ከቀጠለ ተዘግቷል። ወርዶ ተመልሶ ከረጋ አልተዘጋም። እርግጠኛ ለመሆን የፊተኛውን ሴንሰር ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ማሰር ነው። በሚኒሞ ከ1.5 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ)፣ በ2,500 ዙር ከ3 ካለፈ ተዘግቷል።

የሞላሌው፦ መኪናዬ ይጮሃል። ምንድን ነው?

መልስ፦ የቱ ጋ? ሲነሳ ነው ሲሄድ? ቤንዚን ነው ናፍጣ? እንዲህ ተጠይቆ መልስ የለም።

የመሐል ሜዳው፦ እኔ የካታሊስቱን ሆድ ዕቃ አስወጥቼ ባዶ ቱቦ አደረግኩት። መኪናው በረረ። ምን ያለፋችኋል?

የደብረ ሲናው፦ ጎረቤቴ እንደዛ አስደርጎ ጭሱ ጋቢና እየገባ ራሱን ያዞረዋል።

የመሐል ሜዳው፦ እሱ የበያጁ ጥፋት ነው።

የአለልቱው፦ ይልቅ አሮጌውን በደህና ዋጋ የሚገዛ አለ?

የደብረ ሲናው፦ ልብ በሉ፣ ፕላቲነም አለበት ይባላል።

መልስ፦ ቆይ፣ ቆይ። ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለበት፤ እውነት ነው። የዋጋውን ነገር ግን እኔን አትጠይቁኝ። የመሐል ሜዳው ወንድሜ፣ መኪናህ የበረረው የተዘጋው ስለተከፈተ ነው። የዘጋው ነገር ግን አሁንም ሞተርህ ውስጥ አለ። ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ወይም ኮይል ሲደክም ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊስቱ ይሄዳል። እዚያ ውስጥ ይቃጠልና የማር እንጀራ የመሰለውን ሴራሚክ ያቀልጠዋል። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ያለቀ ሞተር ደግሞ ዘይት እያቃጠለ በላዩ ላይ ይለብድበታል። በሃይላንድ የሚሸጥ፣ ከምን እንደተቀላቀለ የማይታወቅ ቤንዚንም አለ። ጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ጋቢና ውስጥ ልጆች ይዘህ ትሄዳለህ። ሴራሚኩን ስትሰባብርም አቧራው ሳንባ ይጎዳል። ደግሜ እላለሁ፦ መጀመሪያ ገዳዩን ፈልጉ።

የዓለም ከተማው፦ የኔ የድሮ ናፍጣ ሂሉክስ ነው። ጥቁር ጭስ አለው። ካታሊስት ይሆን?

መልስ፦ የድሮው ናፍጣ ካታሊስት የለውም። የአየር ፊልትሮና ኖዝሎቹን (ናፍጣ የሚረጩትን) አሳይ።

የአንኮበሯ፦ ጋሼ፣ ባለቤቴ ፒክአፑን አውድማ ላይ አቁሞ ጭድ ይጭናል። ከሥር ይግላል ይባላል፣ ያሰጋል?

መልስ፦ እህቴ፣ በጣም ያሰጋል። ካታሊስት ሲሠራ ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይግላል። ሞተሩ የሚንተፋተፍ ከሆነማ ከሥር ቀልቶ ይታያል። ደረቅ ጭድ ከነካው ይያያዛል። መኪናው ጠርዝ ላይ፣ ባዶ መሬት ላይ ይቁም፤ ጭዱ በሰው ይምጣ። ከሥሩ ያለው የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ወድቆ ከሆነ ሳይውል ሳያድር አስመልሱት።

የሸኖው፦ ፒ0420 ወጣብኝ። ልቀይረው?

መልስ፦ የጫጫውን መልስ አንብብ። እሱኑ ነው የምደግመው።

የአጣዬው፦ ኮይሉን ቀይሬያለሁ፣ ጭስ የሚያፈስ ቦታ የለም፣ የኋለኛው ሴንሰር አሁንም ይዘላል። አሁንስ?

መልስ፦ አሁን ቀይር። ሥራህን በሥርዓቱ ስለሠራህ በዝርዝር ልንገርህ። ዋዜማውን ብሎኖቹ ላይ የዝገት ማላቀቂያ ርጭ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፤ ብየዳ ካለ ደግሞ የግድ ነው። ሴንሰሩን በ22 ቁልፍ አውጣ፣ ሽቦው እንዳይጠማዘዝ። አዲሱ ካታሊስት ላይ ያለው ቀስት ወደ ማርሚታው (ከኋላ ያለው ድምፅ ማፈኛ) ይመልከት። ጓርኒሲዮኑና ዳዶው አዲስ ይሁን፤ አሮጌውን አጥቦ መመለስ የለም። መጀመሪያ ሁሉንም በእጅህ አግባ፣ ተራ በተራ አጥብቅ። የሴንሰሩ ጫፍ ግሪስ እንዳይነካው። አስነሳና የሚያፈስ ቦታ ፈልግ። ኮዱን አጥፋና እስከ ሸዋ ሮቢት ነድተህ ተመለስ፤ መንገዱ ዳገትም ሜዳም ስላለው ኮምፒውተሩ ይፈትሸዋል።

የአጣዬው፦ ተመሳሳዩን ርካሽ ባገኝስ?

መልስ፦ ለሞተርህ መጠን ካልተሠራ አትግዛ። ኮዱ ተመልሶ ይመጣል።