ወደብ ላይ የቆመች መርከብ ለምን ለሁለት ትሰበራለች?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ የመኪና ተሳቢ በምንሠራበት ጋራዥ በያጅ ነኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብየዳ የተሠሩ መርከቦች ይሰበሩ ነበር ይባላል። ጥፋቱ የበያጆቹ ነበር?

መልስ፦ በከፊል ብቻ ነው። ስኬነክታዲ የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ ጥር 8 ቀን 1935 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ኦሪገን፣ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ እንደታሰረች በድንገት ተሰብራ ከታችኛው ላሜራ በቀር ለሁለት ተከፍላለች። ስንጥቁ ከብየዳ ጉድለት ሊነሳ ይችላል፤ ይህን ያህል እንዲሮጥ ያደረገው ግን በአብዛኛው ብረቱ ነው። በካምብሪጅ የነበሩት ተመራማሪ ኮንስታንስ ቲፐር እንዳሳዩት፣ የዚያን ጊዜ አረብ ብረት ከተወሰነ ቅዝቃዜ በታች መተጣጠፉን ትቶ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስብራቱን ቀረብ ብለው ቢያዩት ልዩነቱ ይታወቃል፤ ተስቦ የተበጠሰ ብረት ደብዘዝ ያለና ጭረት ጭረት ያለው ሲሆን፣ በቅዝቃዜ የተሰበረው ግን እንደ ስኳር ፍሬ ያብለጨልጫል።

በሪቬት (ላሜራዎችን በሚያያይዝ የብረት ችንካር) በተያያዘ መርከብ ላይ ስንጥቅ የአንዱ ላሜራ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ይቆማል፤ ብየዳ ግን መርከቡን አንድ ወጥ ስለሚያደርገው መንገዱ ክፍት ነው። በጦርነቱ ጊዜ አሜሪካ በብዛት በሠራቻቸው ሊበርቲ በተባሉት የጭነት መርከቦች ላይ ደግሞ የጭነት መክፈቻዎቹ ማዕዘን ቀጥ ያለ ስለነበር ጫናው እዚያው ይከማች ነበር፤ በኋላ ማዕዘኖቹ ክብ እንዲሆኑ ተደረገ። የአዳማ ሙቀት ከቅዝቃዜው ቢያድንዎትም፣ በተሳቢዎ ላይ ቀዳዳ ሲቆርጡ ማዕዘኑን ክብ ያድርጉት።