የጥለቱ ወገብ ለምን ወፈረ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የሽሮ ሜዳ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ከዶርዜ መጥቶ እዚሁ እየሸመነ ነው ያሳደገን። ጥለቱን ሁሉ በጭንቅላቱ ነው የሚይዘው፣ እኔ ደሞ እንዳይጠፋ ብዬ ከሠራቸው ነጠላዎች እያየሁ ላፕቶፕ ላይ በጎግል ሺትስ መሳል ጀመርኩ፣ አንድ ሳጥን ለ4 የድር ክር አድርጌ። ግማሹን በ12 ሳጥን እስላለሁ፣ ከዛ ገልብጬ እለጥፍና 24 ይሆናል፣ እሱን 5 ጊዜ እደግመዋለሁ። ስክሪን ላይ ሲታይ ያምራል፣ አባቴ ሲሠራው ግን ሹል መሆን ያለበት ጫፍ ይደፈናል፣ መስቀሉም ወደ ላይ ይረዝማል። «ወረቀትህ መቁጠር አይችልም» ብሎኝ ተወው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ እጅህ ይባረክ፣ አባትህ በጭንቅላታቸው የያዙትን ማን ይጽፈዋል እያልኩ ስጨነቅ ነው የኖርኩት። ያሉህም ልክ ነው፣ ወረቀቱ ሲቆጥር ተሳስቷል።

ጥፋቱ ማጠፊያው ላይ ነው። 12ቱን ገልብጠህ ስትለጥፍ 12ኛው ሳጥን ሁለቴ ይመጣል፣ አንዴ የግራው መጨረሻ አንዴ የቀኙ መጀመሪያ ሆኖ፣ ስለዚህ በ4 ክር ማለቅ ያለበት ሹል 8 ክር ላይ ይቀመጣል። ማጠፊያው የሁለቱም ወገን የጋራ ስለሆነ አንዴ ብቻ ነው የሚቆጠረው፣ 12 እና 11 ሆኖ 23። ግን እዚህ ላይ አትቁም፣ 23ቱን እንዳለ 5 ጊዜ ብትደግም የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሳጥን አንድ አይነት ስለሆኑ መገናኛው ላይ ደሞ ይደራረባሉ። የሚደገመው 22 ነው፣ ከ5ኛው በኋላ አንድ መዝጊያ ትጨምራለህ፣ በጠቅላላ 111 ሳጥን ወይም 444 ክር። ያንተ 120 ሳጥን 480 ክር ይበላል፣ 36 ክር ደሞ ቀላል አይደለም፣ ጥለቱን ወደ አንድ ዳር ይገፋዋል።

ይሄን ያስተማረኝ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ነው። ፕሪንት አድርጌ የሰጠኋቸውን ወረቀት ፊት ለፊታቸው ሰክተው ጀመሩ፣ እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ ማንሻውን እየረገጠ፣ በጣታቸው ክሩን እየቆጠሩ የጥበቡን ማግ ያስገባሉ፣ ሦስተኛው ድግግሞሽ ላይ መወርወሪያውን አስቀመጡና ጥፍራቸውን መሀሉ ላይ አርገው «ይሄ ወገቡ ወፍሯል ልጄ» አሉኝ። እኔ ስክሪን ላይ ሳምንት ሙሉ አይቼው አላየሁትም ነበር።

አሁን ሥራውን የሚያቀልልህን ልንገርህ፣ ኮፒ ማድረጉን ተው። ሳጥኑን በእጅህ ቀለም ከመቀባት ክር ያለበት ላይ 1 ጻፍ፣ ከዛ 1 ያለበት ሳጥን ራሱ እንዲቀላ በኮንዲሽናል ፎርማቲንግ እዘዘው። ግማሹ ከኤ እስከ ኤል ባሉት 12 አምዶች ይቀመጣል። ኤም ላይ «እኩል ይሆናል ኬ» ብለህ (የመጀመሪያው ረድፍ ላይ =K1) ትጽፋለህ፣ ቀጥሎ ኤን ላይ ጄ፣ እንዲህ ወደኋላ እየሄድክ ቪ ላይ ቢ እስኪደርስ፣ 10 አምድ ነው፣ የመጀመሪያውን ረድፍ በእጅህ ጽፈህ ወደ ታች መጎተት ነው። ደብሊው ላይ ስትደርስ «እኩል ይሆናል ኤ» ትልና እሱን ወደ ቀኝ እስከ 111ኛው አምድ ትጎትተዋለህ፣ ሁሉም ከራሱ 22 አምድ ወደኋላ ያለውን ያነባል ማለት ነው። ኤክሴል ላይ ከሆነ ባዶዎቹ ላይ 0 ቢመጣ አትደንግጥ። ከዚህ በኋላ አባትህ «እቺ ጋ አንድ ቀንስ» ቢሉህ ግራ ላይ አንዷን ስታጠፋ አምስቱም ጋ ትጠፋለች። ወደ ላይም የሚታጠፍ ጥለት ከሆነ ረድፉ ላይ ያው ሕግ ነው፣ መሀለኛው ረድፍ አንዴ ብቻ።

የመስቀሉ መርዘም ሌላ ጉዳይ ነው። ስክሪኑ ላይ ሳጥኑ አራት ማዕዘን ቢሆን ጨርቁ ላይ ግን አይደለም፣ ምክንያቱም በጥለት ረድፎች መሀል የመሬቱ (ጥለቱ የሚያርፍበት ተራ ጨርቅ) ማግ ይገባል። አባትህ የሠሩት ላይ ማስመሪያ አስቀምጥና 10 ሳጥን ወደ ጎን፣ 10 ረድፍ ወደ ላይ ለካ። ለምሳሌ ወደ ጎን 20 ሚሊ፣ ወደ ላይ 30 ሚሊ ከመጣ አምዱን 20 ፒክሰል ረድፉን 30 ፒክሰል አድርገው፣ ያኔ የምታየው አባትህ የሚያዩትን ነው። ኤክሴል ላይ የአምድና የረድፍ መለኪያው ስለሚለያይ ያው ቁጥር አይሠራልህም። ፕሪንት ስታደርግ ደሞ ረድፉን ከታች ወደ ላይ ቁጠርላቸው፣ ሸማኔ ከታች ነው የሚጀምረው። ፊደል ያለበት ጥለት ከሆነ የትኛው ገጽ ወደሳቸው እንደሚዞር ቀድመህ ጠይቃቸው።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። ባለ 4 ሻፍት (የድሩን ክር የሚያነሳ ክፈፍ) መሸመኛ ገዛሁ፣ የእናቴን ነጠላ ጥለት የሽመና ሶፍትዌር ላይ ሳስገባው 12 ሻፍት ያስፈልግሻል ይለኛል። ሌላ መሸመኛ ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ ገንዘብሽን ያዢ። ሶፍትዌሩ ጥለቱን ሁሉ በሻፍት ማንሳት ስለሚፈልግ የተለያየ እያንዳንዱ አምድ የራሱን ሻፍት ይጠይቃል፣ ግማሹ 12 አምድ ከሆነ 12። የኛ ጥበብ ግን እንደዛ አይሠራም፣ መሬቱ ተራ ሽመና ነው፣ ጥለቱ ተጨማሪ ማግ ሆኖ በእጅ እየተቆጠረ ነው የሚገባው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ላይ ተራውን ሽመና ብቻ አስገቢ፣ 1 እና 3 አንድ ላይ፣ 2 እና 4 አንድ ላይ የሚነሱበትን፣ ጥለቱን ከላይ ለወንድማችን እንዳልኩት በሳጥን ለብቻ ሳዪው። ፋይሉን በዊፍ (WIF፣ የሽመና ሶፍትዌሮች የሚጠቀሙበት የፋይል አይነት) ብታስቀምጪው ጥሩ ነው፣ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድም ተከፍቶ የክር አገባቡን ቁጥር ማረም ይቻላል፣ ከመንካትሽ በፊት ግን አንድ ቅጂ አስቀሪ። ሁለቱን የሚያገናኘው የድሩ ቁጥር ነው፣ ድርሽ 500 ክር ጥለቱ 444 ከሆነ በየዳሩ 28 ትተዪያለሽ፣ 29ኛውና 472ኛው ክር ላይ ቀይ ክር እሰሪባቸው፣ ቆጠራው ሲጠፋብሽ ከነሱ ነው የምትነሺው።